ስለ መዥገሩ የሚጠይቅ ጠፋ

በጉቴ ትኩሳት ሦስት ስም አለው፤ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ። ያተኮሰው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ ጣቱን ተወግቶ ለወባ ይመረመራል። ወባ ከተገኘበት ኮአርተሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካልተገኘበት ደሙ እንደገና ይቀዳና «ታይፎይድና ታይፈስ ታይቶብሃል» ይባላል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ። ይህ የጉቴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በነቀምቴም፣ በባኮም፣ በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮችም ያው ነው። በአገራችን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ «ሁለቱም አሉብህ» ያልተባለ ጎልማሳ ብዙ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሦስቱ ስሞች ውጭ የቀረው ትኩሳት ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያ በከብቶቻችን ቆዳ ላይ በተጣበቀው መዥገር ውስጥ ይኖራል። ሳይንስ ካወቀው ቆይቷል። ለማወቅ ከረዱት ናሙናዎች መካከልም ከኢትዮጵያ ከብቶች የተለቀሙ መዥገሮች ነበሩበት። መዥገሩ የተለቀመበት አገር ሕዝብ ግን ስለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ የሰማው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጉቴ የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከነቀምቴ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ዙሪያዋ የበቆሎና የጤፍ ማሳ፣ የጓሮ ቡናና የግጦሽ መስክ ነው። ከብቱ በአብዛኛው የሆሮ ዝርያ ነው። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ሣሩን ጉልበት ያደርሰዋል፤ ሣሩ የሚያድግበት ወር ደግሞ መዥገሩ የሚበዛበት ወር ነው። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በኦሮምኛ «ሲልሚ» ይለዋል። የትኛው ከጭራ ሥር እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ጆሮ ውስጥ እንደሚደበቅ፣ የትኛው ግት ላይ ተጣብቆ ጡቱን እንደሚያደርቅ ብትጠይቁት ሳያመነታ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ከላሟ ላይ የሚነቅለው መዥገር እርሱንም፣ ሚስቱንም፣ እረኛ ልጁንም ሊያሳምም እንደሚችል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደጋና ወይና ደጋ በከብት ላይ ከሚበዙት መዥገሮች መካከል አምብሊዮማ የሚባሉት ይገኙበታል። አንዱ አምብሊዮማ ኮሄረንስ ነው። ሌላው አምብሊዮማ ቫሪየጌተም ሲሆን ወንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ጌጥ ስላለው በዓይን ይለያል። አፋቸው ረጅም ነው፤ ጠልቆ ይገባል፤ ሲነቀሉም ቁስል ይተዋሉ። ከዕጭነት እስከ ሙሉ መዥገርነት ባለው ዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ በሦስት የተለያዩ እንስሳት ላይ ይወጣሉ። ደም ጠግበው መሬት ይወድቃሉ፤ ቆዳቸውን ቀይረው እንደገና ሣር ላይ ሆነው የሚያልፍ ይጠብቃሉ። የሚያልፈው ላም ሊሆን ይችላል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ እረኛም ሊሆን ይችላል። ደም የጠገበችው ሴቷ መዥገር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ባክቴሪያው ደግሞ ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ገና ከእንቁላሏ የወጣች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ዕጭ እንኳ ይዛው ልትወለድ ትችላለች።

እነዚህ መዥገሮች ከላሟ አካል መርጠው የሚቀመጡት ግቷ፣ ብሽሽቷና ደረቷ ላይ ነው። በወለጋ ላም የሚያልቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጠዋትና ማታ ጉልበታቸውን ከግቷ አጠገብ አድርገው፣ በእጃቸው እዚያው ቦታ ላይ ይሠራሉ። መዥገር የሚለቅሙት ደግሞ ልጆች ናቸው። በጣታቸው ነቅለው በድንጋይ ወይም በጥፍራቸው ይፈነክቱታል። ስለዚህ አደጋው በቤተሰቡ ውስጥ እኩል አልተከፋፈለም። ሲያማቸው ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የሌላ ሰው ፈቃድና ገንዘብ የሚጠብቁት እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸው ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ (ዓመቶቹን ሁሉ፣ ከዓመት ጋር የሚጠሩትንም ወሮች፣ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ከሚደርስባቸው ተቋማት አንዱ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ራይስ-ጉትፍሮይንድ የተባሉ ተመራማሪ በ1955 አንድ አነጋጋሪ ጽሑፍ አወጡ። የቅማል ታይፈስን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው ውስጥ አግኝቻለሁ አሉ። ታይፈስ የሰውና የቅማል ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር የዓለም ሳይንቲስቶች ዓይን ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። በ1966 ራይስ-ጉትፍሮይንድ ራሳቸው ያሉበት ቡድን ከኢትዮጵያ ከብቶች የተሰበሰቡ መዥገሮች ሪኬትሲያ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን እንደያዙ የሚያሳይ ማስረጃ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አሳተመ። በ1973 ደግሞ ሌላ ቡድን በዚያው መጽሔት ላይ የፍለጋውን ውጤት አቀረበ። የቅማል ታይፈስ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ አልተገኘም፤ ነገር ግን ሌላ፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሪኬትሲያ ተገኘ።

የዚያ ቡድን መሪ ቪሊ ቡርግዶርፈር ይባላሉ። ባዝል የተወለዱ፣ በአሜሪካ የሞንታና ግዛት በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላብራቶሪ የሠሩ የመዥገር ሊቅ ናቸው። ከኢትዮጵያው ሥራቸው ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1982 በታተመ ሥራ፣ አሜሪካንን ሲያስጨንቅ የነበረውን የላይም በሽታ ባክቴሪያ መዥገር ውስጥ ያገኙት እርሳቸው ናቸው። ባክቴሪያውም በስማቸው ተጠርቷል። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። የአሜሪካን መዥገር ምስጢር የፈቱት ሰው አስቀድመው የኛን ከብት መዥገር በአጉሊ መነጽር ያዩ ሰው ነበሩ። የዚያኛው ግኝት ለአሜሪካ ሕዝብ መመሪያ፣ ምርመራና ሕክምና ሆነ። የኛው ግኝት መጽሔት ውስጥ ቀረ።

በኢትዮጵያ መዥገር ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ እስከ 1990ዎቹ ድረስ የራሱ ስም አልነበረውም። በ1992 ዚምባብዌ ውስጥ ከታመመ ሰው ተለይቶ ታወቀ፤ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተባለ። የሚያመጣው ሕመምም የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። በ2009 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የዚህን ባክቴሪያ ሙሉ የዘር መረጃ አንብበው ሲያሳትሙ የተጠቀሙበት ናሙና በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከብት መዥገር የወጣው ነበር። ዓለም ስለዚህ ፍጡር የሚያውቀው ነገር መሠረቱ አንዲት የኢትዮጵያ ላም ላይ የነበረ መዥገር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

የቅርብ ጊዜውም ሥራ አለ። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መምህር የሆኑት በርሲሳ ኩምሳ ከማርሴይ ባልደረቦቻቸው ጋር በኦሮሚያ ከብቶች ላይ የተለቀሙ መዥገሮችን መርምረው በ2015 ውጤቱን አሳትመዋል። ሪኬትሲያ አፍሪኬ አለ። የኪው ትኩሳትን የሚያመጣው ኮክሲየላም አለ፤ ይኸኛው ወደ ሰው በብዛት የሚገባው በመዥገር ሳይሆን ከወለዱ እንስሳት በሚነሣ አቧራ ነው። ከዚያም በፊት፣ በ2013፣ ከጅማ አካባቢ በተለቀመ አምብሊዮማ ኮሄረንስ ውስጥ ቀድሞ የማይታወቅ የቦረሊያ ዓይነት መገኘቱ ተዘግቧል። ቦረሊያ የላይምን በሽታና የሚያገረሸውን ትኩሳት የሚያመጣው የባክቴሪያ ቤተሰብ ነው። ይህ አዲሱ ዓይነት ሰው እንደሚያሳምም የተመዘገበ ማስረጃ የለም። ሆኖም ያለበት መዥገር የኛው ነው፤ በጉቴ መስክ ሣር ላይ የሚጠብቀው ያው ዝርያ ነው።

እንግዲህ መዥገሩ ተመርምሯል። ከብቱም ተመርምሯል። ያልተመረመረው ሰውየው ነው።

በገበያ ዳር ያነጋገርኳቸው እናት የነገሩኝን ልጻፍ። ልጃቸው የከብት ጠባቂ ነው። ባለፈው ክረምት አተኮሰው፤ ራሱን አመመው፤ አንገቱን ማዞር አቃተው። ጤና ተቋም ወሰዱት። «ወባ የለበትም አሉ። ታይፎይድ ነው አሉና መርፌ አዘዙለት» አሉኝ።

«ቁስል ነገር አልነበረበትም፣ አዴ?»

«እግሩ ላይ ሁለት ቦታ ጥቁር ነገር ነበረ። ብሽሽቱም ንፍፊት አውጥቶ ነበር። እሾህ ነው ብለን ዝም አልን።»

«ሐኪሙስ አየው?»

«ሱሪውን ማን አስወለቀው!»

ልጁ ከሳምንት በላይ ተኝቶ ተነሥቷል፤ አሁን ደህና ነው። የያዘው ይህ ነው፣ ያ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ደሙ በትክክለኛው መንገድ አልተመረመረምና። ግን የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳትን የሚገልጽ የሕክምና መጽሐፍ ቢከፈት የሚገኘው እነዚህ ምልክቶች ናቸው። ከተነከሱ በኋላ በሳምንት ገደማ የሚነሣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የማጅራት ጡንቻ ሕመም፣ መዥገሩ በነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ፣ በአቅራቢያው ያበጠ ንፍፊት። አንዳንዴ ሽፍታ። ለማወቅ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በዓይንና በአንድ ጥያቄ ሊጠረጠር የሚችል በሽታ ነው። ጥያቄውም «ከብት ጋር ትውላለህ? መዥገር ነክሶህ ነበር?» የሚል ነው። ያ ጥያቄ በዚያ ቀን አልተጠየቀም።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። በምዕራብ ኦሮሚያ ወባው እውነት ነው፤ ከእውነትም በላይ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ወባ ይዞታል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ከፍተኛውን ሸክም ከተሸከሙት ቦታዎች አንዱ ወለጋ ነው። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት የነበረው ግጭት ብዙ የጤና ተቋማትን አውድሟል፤ ሠራተኛውን በትኗል። በቀን ስንቱን ትኩሳተኛ የሚያይ አንድ የጤና መኮንን እያንዳንዱን ሰው ልብስ አስወልቆ ለመመርመር ጊዜ የለውም። ትኩሳት ሲመጣ ወባን አስቀድሞ መመርመሩም ትክክል ነው፤ ይህ እንዲቀየር የምጠይቅ አይደለሁም። የምጠይቀው ወባው የለም ከተባለ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩ ተሸሽጎ የሚኖረው እዚህ ላይ ነውና። ታይፈስ ታየ የሚያሰኘው ምርመራ ዌል-ፌሊክስ ይባላል። ኤድሙንድ ዌልና አርተር ፌሊክስ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ያወጡት ዘዴ ነው። ምርመራው ራሱን ሪኬትሲያን አይፈልግም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ በሰውየው ደም ውስጥ ካለው መከላከያ ጋር ሲገናኝ ይረጋ እንደሆነ ያያል። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ድክመቱ የታወቀ ነው። በሽታው ሳይኖር አለ ይላል፤ በሽታው እያለ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የለም ይላል። አለ ሲል እንኳ ከቅማል የመጣውን ከመዥገር ከመጣው አስተማምኖ አይለይም። አንድ መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ምርመራ ነው በየጤና ጣቢያችን የትኩሳትን ስም የሚወስነው።

ውጤቱ እንዲህ ነው። መዥገር ነክሶት ያተኮሰው ሰው ዕድል ቀንቶት «ታይፈስ» ከተባለ ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝለታል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ የመዥገር ትኩሳት ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሳምንት ያህል ከተወሰደ ትኩሳቱ ቶሎ ይበርዳል። ሰውየው ይድናል። መዝገቡ ላይ ግን የቅማል በሽታ ተብሎ ይቀመጣል፤ ልብስህን ቀቅል ተብሎ ይሸኛል፤ ነገ ተመልሶ ወደዚያው በረት ይገባል። ያው ሰው «ታይፎይድ» ከተባለ ደግሞ ሴፍትሪያክሰን ይወጋል ወይም አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል። ሁለቱም ሪኬትሲያን አይነኩም። ቀኑ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ሰውነቱ ራሱ በሽታውን ሲያሸንፍ ምስጋናው ለመርፌው ይሆናል። በሁለቱም መንገድ መዥገሩ ሳይጠየቅ ያልፋል። በሁለቱም መንገድ ለወረዳውም፣ ለዞኑም፣ ለሚኒስቴሩም የሚደርሰው ቁጥር የተሳሳተ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የታንዛንያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በኪሊማንጃሮ ሥር በምትገኘው በሞሺ ከ2007 እስከ 2008 በትኩሳት ሆስፒታል የተኙ 870 ሰዎች በጥንቃቄ ተመረመሩ። ሐኪሞቹ 528ቱን ወባ ብለዋቸው ነበር። በእርግጥ ወባ የነበረባቸው 14 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሙሉ ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል ሩብ ያህሉ ከእንስሳት የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ ነበረባቸው፤ 8 በመቶ የሚሆኑት መዥገር የሚያደርሰው የሪኬትሲያ ትኩሳት ነበረባቸው። ሲገቡ ከጠረጠሯቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ግን እነዚህ አልነበሩም። በጉቴ ቢመረመር ቁጥሩ ያው ይሆናል አልልም፤ የወለጋ ወባ ከሞሺው ይበልጣል። ሆኖም ሞሺ ላይ የታየውን ዓይነት ክፍተት እዚህ ለመፈለግ ምክንያት አለን።

ስለዚህ በሽታ በብዛት የተጻፈው ስለ እኛ ሳይሆን ስለ እንግዶቻችን ነው። ወደ ደቡባዊው የአፍሪካ ገጠር የሄዱ 940 ኖርዌያውያን ከተመለሱ በኋላ ተጠንተው 38ቱ በመዥገር ንክሻ ትኩሳት ተይዘው እንደነበር በ2003 ታትሟል። በ2006 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ተመልሰው ከታመሙ መንገደኞች መካከል የሪኬትሲያ ትኩሳት ከታይፎይድ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጥቂት ሳምንት የቆየ ጎብኚ ትኩሳቱ ተለይቶ በስሙ ይጻፍለታል። ዕድሜ ልኩን ከከብት ጋር የሚኖረው እረኛ ታይፎይድ ይባላል። ይህን ልዩነት እያወቅን ዝም ማለት አይገባንም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህ ትኩሳት በአብዛኛው ገዳይ አይደለም። ብዙው ሰው ይድናል። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ታስጨንቀናለህ የሚለኝ ይኖራል። የምመልሰው ይህን ነው። ክረምት የእርሻ ወቅት ነው፤ በሐምሌ አሥር ቀን የተኛ ገበሬ የዓመቱን እህል ያጎድላል። ያለ ቦታው የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ለእውነተኛው ታይፎይድ ቀን እንዳይሠራ እየሆነ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቀላሉን የመዥገር በሽታ ማየት ያልቻለ ሥርዓት ከባዱ ሲመጣ አያየውም። በአሜሪካ ሪኬትሲያ ፓርከሪ የሚባል ባክቴሪያ በ1937 መዥገር ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ሰው አያሳምምም ተብሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተለይቶ የታተመው በ2004 ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሰዎች በእርሱ ታመው ሌላ ስም ሲሰጣቸው ኖረዋል ማለት ነው። በኢትዮጵያ መዥገር ውስጥ ሪኬትሲያ እንዳለ ከታወቀ ደግሞ እነሆ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል።

በየቦታው ይህን ዝምታ የሰበረው ሁልጊዜ ሐኪም አልነበረም። በ1975 በኮነቲከት ግዛት፣ ላይም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖሊ መሪ የተባሉ እናት ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በአንድ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም መያዛቸውን እየጻፉ ያዙ። ሌላዋ እናት ጁዲት መንሽም እንዲሁ ለግዛቱ ጤና ቢሮ አመለከቱ። ቢሮው ሰማቸው። የዬል ዩኒቨርሲቲው አለን ስቲር ተላኩ፤ ቆጠሩ፤ በ1977 አሳተሙ፤ በሽታው በከተማዋ ስም ተጠራ። የጉቴዋም እናት እግሩ ላይ የነበረውን ጥቁር ነገር፣ ንፍፊቱን፣ ወሩን ሁሉ ያስታውሳሉ። የሚሰማቸው ቢሮ ነው የጠፋው።

ቢሮዎቹ የሉም ማለቴ አይደለም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አለ። በደሌ ላይ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ አለ። በ2007 የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም፣ ሪፈራል ሆስፒታልም አለው። ግን የእንስሳቱ ወገን መዥገርን የሚቆጥረው ለወተቱ፣ ለቆዳውና ለከብቱ ጤና ብሎ ነው፤ የሰዉ ወገን ደግሞ መዥገር የሚለውን ቃል በሪፖርቱ ውስጥ አያውቀውም። በመስከረም 2015 የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ተሰብስበው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት መርጠው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና የውሻ ኮሶ ትል የሚያመጣው የጉበት ከረጢት ናቸው። ምርጫው ልክ ነው፤ አልቃወመውም። የመዥገር ትኩሳት ባይመረጥም ለመመረጥ እንኳ የሚቀርብ ቁጥር አልነበረውም። የማይቆጠር በሽታ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ዝርዝር ውስጥ ያልገባም አይቆጠርም።

በቤት ውስጥ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በገጠሩ ብዙ ሰው ለእሾህ ብሎ ወረንጦ አያጣም፤ ለመዥገርም ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ የለም። ከቆዳ ጋር ተጠግቶ አፉ ላይ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ፣ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ላምባ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል፣ በጣት መጭመቅ አይገባም። የሚፈነክቱትም ልጆች በጥፍራቸው እንዳያደርጉት መንገር ያስፈልጋል። ቦታውን በሳሙና ማጠብ፣ እረኛው ማታ ሲመለስ ብሽሽቱን፣ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ጀርባ ማየት። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ካተኮሰው ለሐኪም «መዥገር ነክሶታል» ብሎ መናገር፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሕክምናውን መንገድ ልትቀይር ትችላለች። መድኃኒቱን ራስ ገዝቶ መዋጥ ግን አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መወሰን ያለበት ባለሙያ ነው። ለከብቱ የሚረጨውንም ዳያዚኖን በባዶ እጅ በጥብጦ መቀባት በየመንደሩ ይታያል፤ እርሱ በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው፤ መጠኑንም ጓንቱንም የእንስሳት ባለሙያው ሊያሳይ ይገባል።

ከጤና ጣቢያው የምጠይቀው ጥቂት ነው። ወባ የለበትም የተባለ፣ ከብት ጋር የሚውል ሰው እግሩና ብሽሽቱ ይታይ። ጥቁር ቅርፊት ከተገኘ የዌል-ፌሊክስ ወረቀት ባይደግፈውም ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊንን ያስብ። በትኩሳት መዝገቡ ላይ ደግሞ «መዥገር» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ስለ አጎበርና ስለ መጸዳጃ ቤት ስታስተምር ስለ ወረንጦው አብራ ትናገር።

ከዩኒቨርሲቲው የምጠይቀው ከፍ ይላል። በጉቴ የእንስሳት ክሊኒክ አካባቢ ያነጋገርኩት አንድ ባለሙያ በየክረምቱ እንደሚያተኩሰው፣ ወባ እንደማይገኝበት፣ ሦስት አራት ቀን ተኝቶ እንደሚነሣ ነገረኝ። የእርሱ ደም ለምርመራ ተወስዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የላሟን ብዙ ጊዜ ወስደናል» አለኝ። እንግዲህ ከእርሱና ከመሰሎቹ፣ ከነቀምቴ ቄራ ሠራተኞችና ላም ከሚያልቡ ሴቶች ጀምሮ፣ ከፈቃዳቸው ጋር፣ የክረምቱ መግቢያና መውጫ ላይ ደም ተወስዶ ሪኬትሲያ ይታይ እንደሆነ ይፈተሽ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪው መዥገሩን ይልቀም፤ የሕክምና ተማሪው ሰውየውን ይመርምር፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽ ላይ ይጻፉ። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም በአንድ ከተማ ናቸው፤ የሚቀጥለው ግንቦት ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቅጹ ሊዘጋጅ ይችላል።